ከኋላዋ የሚነፋው

በቴያትር ቤቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት የምትነፋውን ሴት በስሟ የሚጠራት ከአስተዳደር ጸሐፊዋ በቀር ማንም አልነበረም። ሌላው ሁሉ «ሸምበቆ» ነው የሚላት። አንድም ቁመቷ መለል ያለ፣ ነፋስ ሲመታት የምታዘነብል የምትመስል ቀጭን ሴት ስለሆነች፤ አንድም ቀኑን ሙሉ ከከንፈሯ የማይለየው የክላርኔቱ ልሳን የሚሠራው ከዚያው ከሸምበቆ ስለሆነ። ባሏም እዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ነው። እሱን «መለከት» ይሉታል። ይህኛው ስም ማብራሪያ አያሻውም፤ ሰውየው ሲነፋ ብቻ ሳይሆን ሲያወራም፣ ሲስቅም፣ ሲያስነጥስም መለከት ነበር።

የተዋወቁት በሥራ ላይ ነው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላዋ ይቀመጣሉ። እናም ከመልኩ በፊት ድምፁን ወደደችው። «ፊቱን በቅጡ ሳታዪ ነው እንዴ የወደድሽው?» ብለው ጓደኞቿ ሲያሾፉባት፣ «ጀርባዬ አይቶታል» ትላቸው ነበር። ተጋቡ፤ ወንበራቸው ግን አልተለወጠም። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት፣ ሥራ ላይ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ኖሩ።

ኦርኬስትራው የሚቀመጠው ከመድረኩ ሥር፣ ዝቅ ተደርጎ በተቆፈረ ጠባብ ስፍራ ነው። «ጉድጓዱ» ይሉታል። ተመልካቹ የሚያየው የመሪውን ራስና የኮንትራባሱን አንገት ብቻ ነው። ጉድጓዱ ድሮም ሰፊ አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን አዲስ ሙዚቃዊ ቴያትር ሊወጣ ሆነና አዘጋጁ ለጭፈራው ቦታ አነሰኝ ብሎ መድረኩን ወደፊት አስቀጠለው። አናጢዎቹ ጣውላቸውን ይዘው መጡ፤ በሄዱ ጊዜ የጉድጓዱ ግማሽ ጣሪያ ለብሶ ተገኘ። ወንበሮቹ ተጠጋጉ። ድሮ በሰው ቁመት ርቀት ላይ የነበረው የመለከት ትራምፔት አሁን አፉ ከሸምበቆ ግራ ጆሮ ኋላ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ አረፈ።

ቴያትሩ ደግሞ ስለ ተከበበች ከተማ ነው። በመጨረሻ የከተማዋ ግንብ ይፈርሳል። ግንቡን የሚያፈርሱት ሦስት ትራምፔቶች፣ ከበሮዎችና ሲምባል ናቸው። የኦርኬስትራው መሪ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሽበታም ሰው፣ ዘንጋቸውን በኖታ ማስቀመጫው ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ፣ «አልፈረሰም! ይሄ ግንብ አልፈረሰም! እንደገና!» ይላሉ። ጣውላው ጣሪያ ድምፁን አያስወጣውም። እዚያው ያንከባልለዋል። ጠዋትም ይፈርሳል፣ ከምሳ በኋላም ይፈርሳል፤ ግንቡ እንደሆነ በጋሼ ጆሮ ዘንድ ቆሞ ይውላል።

መጀመሪያ የመጣው ጭውታ ነው። ሸምበቆ ከልምምድ ስትወጣ መንገዱ ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላታል፤ መኪናው ከሩቅ፣ ሰዉ ከሩቅ። ከውስጥ ደግሞ ጭ—ው የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። እራት እስኪደርስ ይለቃታል። ለማን ትነግራለች? ሁሉም የለመደው ነገር ነው። ባስ ተጫዋቹ፣ የኦርኬስትራው ቀልደኛ፣ «የጉድጓዱ ደወል» የሚል ስም ሁሉ አውጥቶለታል።

ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። አንድ ቀን ደወሉ እራት አልፎም አልቆመም። በሌላ ቀን ደግሞ ጠዋት ስትነቃ ቀድሟት ነቅቶ አገኘችው። ምድጃ ላይ የጣደችው ማንቆርቆሪያ እያፏጨ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ከጓዳ ሮጠው መጥተው አወረዱት፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ልጄ፣ ሐሳብ ገባሽ?» አሏት። «አዎ እማማ፣ ሐሳብ» አለች። ሐሳብም እውነት ነው፤ ገብቷታል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ጠዋት ኦርኬስትራው ድምፅ ሊያስማማ ፍሉት ነፊዋ የተለመደውን አንድ ድምፅ ስትሰጥ፣ ሸምበቆ ሁለት ድምፅ ሰማች። ቀኝ ጆሮዋ አንዱን ይላል፤ ግራው ከፍ ያለና የጎመዘዘ ሌላ ነገር ይላል። ራሷን ነቀነቀች፤ ምራቋን ዋጠች፤ ያው ነው። አንዲት ድምፅ ለሁለት ተሰንጥቃ ደረሰቻት። የትኛውን ትከተል? በዚያ ቀን ድምፁን ለማስማማት የክላርኔቷን መገጣጠሚያ ስትስብና ስትገፋ፣ ሰው እንዳያይባት ጣቶቿን በመሐረብ እየጠራረገች ዋለች። አንድ አናጢ ጣት ቢቆረጥበት በሌላ ጣት ይመታል፤ ሙዚቀኛ ጆሮው ሲዋሽበት ግን ማንን አምኖ ይነፋል? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለውን ተረት ስትሰማ ያደገችው ስለ ሐሜት ነበር። አሁን ግን ጆሮዋ በእውነት ባዳ ሆነባት።

ለባሏ አልነገረችውም። ምን ብላ? ድምፁን እየወደደች ኖራ፣ «ያ የወደድኩት ነገር በላኝ» ይባላል? ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። በመጨረሻ ግን «እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወደ ጆሮ ክሊኒክ ሄደች።

እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች፣ ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ በተለበጠች ክፍል ውስጥ አስገቧት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ተደረገላት፤ ድምፅ ስትሰማ የምትጫነው ቁልፍ ተሰጣት። በመስታወቱ ማዶ ምርመራውን የምታካሂደው ሴት እጅ ይታያታል። በቀኝ በኩል ቀላል ነበር፤ ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ እንኳ እያሳደደች ትይዘዋለች። ወደ ግራው ሲዞር ግን የሴትየዋ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ማዞሪያውን ታዞራለች፣ ቀና ብላ ታያታለች፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። እጁ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ምንም። ሸምበቆ ዝም ብላ መቀመጥ አቃታትና ያልሰማችውን እንደ ሰማች አድርጋ ቁልፉን ተጫነች። ወዲያው አፈረች።

ሐኪሟ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ውጤቱን አየችና፣ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለቻት።

«ክላርኔት እነፋለሁ።»

«ክላርኔት ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ያውም አንዱን ጆሮ ለይቶ። በግራ በኩል ከኋላሽ ማን አለ?»

«ባለቤቴ።»

«የለም፣ እሱ ውጭ ይጠብቅ። የምጠይቅሽ ሥራ ላይ ማን ከኋላሽ እንደሚቀመጥ ነው።»

«እሱኑ ነው የምነግርሽ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። በጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ደቃቅ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ፤ ኃይለኛ ድምፅ ደጋግሞ ሲመታቸው ይጎብጣሉ፤ ትንሽ ዕረፍት ካገኙ ይቃናሉ፤ ዕረፍት ካጡ ይሞታሉ። የሞቱት ተመልሰው አይበቅሉም። ጉዳቱ ከጩኸቱ ብቻ አይደለም፤ ከቅርበቱና ከጊዜው ርዝመትም ነው። «አሁን የቀረሽን መጠበቅ ነው። በጆሮሽ ልክ የሚሠራ መድፈኛ አዝዝልሻለሁ፤ ድምፁን ይቀንስልሻል እንጂ ሙዚቃውን አይገድለውም። ዋናው ግን ከዚያ ወንበር መራቅሽ ነው። ወይ አንቺ ትነሺ ወይ እሱ ይነሣ።»

ሸምበቆ ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። «ወይ አንቺ ትነሺ ወይ እሱ ይነሣ።» ስለ ወንበር የተነገረ ነው፤ ለእሷ ግን ስለ ትዳር የተነገረ መሰላት።

መድፈኛዎቹ ተሠርተው ሲመጡ ልሙጥ፣ ውሃ የመሰሉ ነበሩ። ፀጉሯን ዝቅ አድርጋ ትለብሳቸው ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማንም ልብ አላላትም። እሷ ግን ተቸገረች፤ የገዛ ትንፋሿ ጋን ውስጥ እንደሚጮህ ይሰማታል፣ የክላርኔቱ ቁልፎች ጠቅ ጠቅ ሲሉ ይሰማታል፣ የጓደኞቿ ድምፅ ደግሞ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። ያም ሆኖ ወደ ቤቷ ስትሄድ ደወሉ ለስለስ ይላል። ይለመዳል አለች።

ከዚያ በግንቡ ትዕይንት መሐል የግራው መድፈኛ ወለቀ። ተንከባለለና ከመለከት ጫማ አጠገብ ቆመ። ልምምዱ ሲያርፍ ጎንበስ ብሎ አነሣው። በሁለት ጣቶቹ ይዞ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እሷ ከመመለሷ በፊት ባስ ተጫዋቹ ቀደማት። «ምን ይሆናል፣ ውታፍ ነው! ወንድሜ፣ ቤት የምትለፈልፈው አንሷት እዚህም ስትጨምርላት፣ ምን ታድርግ ብለህ ነው!»

ጉድጓዱ በሳቅ ተናጋ። መለከት አልሳቀም። ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። መድፈኛውን ኖታ ማስቀመጫዋ ላይ አኖረላትና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ጋሼ ዘንጋቸውን አነሡ። ሸምበቆ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል መድፈኛውን መልሳ መልበስ ሞት መሰላት፤ ራቁት ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። መለከት ነፋ። እንደዚያን ቀን ነፍቶ አያውቅም። የማጅራቷ ፀጉር ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ጋሼ ዓይናቸው በርቶ፣ «ይሄ ነው! አሁን ፈረሰ!» አሉ።

ቤት ገብተው በሩ እንደ ተዘጋ መለከት ፈነዳ።

«ስንት ዘመን ድምፅህን ወደድኩት ስትዪኝ የኖርሽው ለካ ጆሮሽን ደፍነሽ ነው!»

«የደፈንኩት አሁን ነው።»

«ያውም በሰው ፊት!»

«በሰው ፊት ያነሣኸው አንተ ነህ። እኔ ደብቄ ነበር።»

«ለምን ትደብቂኛለሽ? ማነኝ እኔ?»

«ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር» አለችው። «ግራ ጆሮዬ እየሄደ ነው። አንዱን ድምፅ ሁለት አድርጎ ነው የሚያሰማኝ። ከኋላዬ ማን እንዳለ ጠየቀችኝ።»

«እና ባሌ አደነቆረኝ ብለሽ ከሰስሽኝ?»

«ባለቤቴ ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?»

የመለከት ድምፅ ይበልጥ ከፍ አለ፤ ሰው እውነት ሲያጥረው ድምፅ ይጨምራል። አባቱም ዕድሜ ልካቸውን ሲነፉ እንደኖሩ፣ ማንም ሙዚቀኛ ጆሮውን በጥጥ ጠቅልሎ እንዳላደገ፣ ይሄ የዘመን አመጣሽ ሐኪሞች ወሬ እንደሆነ ደረደረ። ይህን ሲል እናቱ ከመኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር።

«አባትህን ካነሣህ ልጨርስልህ» አሉት።

«እማ፣ እባክሽ አሁን...»

«አሁን ነው እንጂ! አባትህ በሰልፍ ባንድ ውስጥ ትልቁን ቀንድ ተሸክሞ ከከበሮው ጎን ሲሄድ ኖረ። አንተ የምታስታውሰው ሲያጨበጭቡለት ነው። እኔ የማስታውሰው ቤት ውስጥ ስጮህ ነው። ጨው አቀብለኝ ለማለት ጎረቤት እስኪሰማ እጮህ ነበር። ልጁ ታሟል ለማለት እጮህ ነበር። ቆይቶ እሱም መጠየቁን ተወ፣ እኔም መናገሩን።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ሊሞት ሲል እጄን ያዘና ‹አንድ ነገር ንገሪኝ› አለኝ። ጠጋ ብዬ ነገርኩት። ‹ምን አልሽ?› አለኝ። ደገምኩለት። ‹ምን?› አለኝ። የምነግረው ነገር ደግሞ የሚጮህ ነገር አይደለም፣ ልጄ። ክፍሉ ዘመድ ሞልቶበታል። ዝም አልኩ። በዚያው ሄደ።»

አማቷ ወደ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። መለከት ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሲመለስ ምን እንዳሰበ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ቢባልም፣ ያን ሰሞን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ጉድጓድ እንደሚቆፍሩ ሰዎች ነበሩ።

ቴያትሩ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ጋሼ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ከነፊዎቹ ክፍል አንድ ድምፁ የሚዋሽ አለ» አሉ። «ዛሬ አገኘዋለሁ። አንድ በአንድ።»

ፍሉት ነፊዋ ድምፅ ሰጠች፤ ሌሎቹ ተራ በተራ ተቀበሉ፤ አለፉ። ተራው የሸምበቆ ሆነ። ነፋች።

«ከፍ ብለሻል።»

አስተካከለች።

«አሁን ወረድሽ። ምን ሆነሻል አንቺ? እንደገና።»

ፍሉቱ እንደገና ጮኸ፤ በግራና በቀኝ ለሁለት ተሰንጥቆ ደረሳት። ሸምበቆ ክላርኔቷን ከከንፈሯ አወረደችና መንፋቱን ተወችው። ያኔ ከኋላዋ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«ጋሼ» አለ መለከት ቆሞ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ...»

ሸምበቆ ዞረች። «አንተ ተቀመጥ» አለችው። «ጆሮው የእኔ ነው፤ የምናገረውም እኔ ነኝ።»

ተቀመጠ። እሷም ቆማ ተናገረች፤ ደወሉን፣ ክሊኒኩን፣ የተሰነጠቀውን ድምፅ። መድረኩ ከተቀጠለ ወዲህ ምን እንደ ደረሰባት። ጋሼ እስክትጨርስ ሰሟት።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ውስጥ ነው የኖርኩት» አሉ። «ድምፅ የሚያስፈራው ሰው ሙዚቃ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሸምበቆ ዙሪያዋን አየች። ከሁሉም ይልቅ ያ አንጀቷን አሳረረው፤ ሁሉም ኖታው ላይ አቀርቅሯል። ያ ሁሉ ስለ ጉድጓዱ ደወል ሲቀልድ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ደወል የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ፍሉት ነፊዋ ብቻ፣ ቀና ሳትል፣ «እኔም ትራስ ላይ ሳርፍ ይጮህብኛል» አለች። ለራሷ የምትናገር ይመስል ነበር።

«ጋሼ» አለች ሸምበቆ። «እዚህ ይቀመጡ።»

«ምን?»

«ወንበሬ ላይ። የግንቡን ትዕይንት እዚህ ተቀምጠው ይስሙት። ከዚያ ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ።»

ባስ ተጫዋቹ ሊሳል ብሎ ተወው። ጋሼ እሺ ይላሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እሳቸው ግን ኩሩ ሰው ናቸው፤ ኩሩ ሰው ደግሞ ፈራ እንዲባል አይፈልግም። ከመቆሚያቸው ወርደው፣ በወንበሮቹ መሐል ተሽሎክሉከው መጡና ክላርኔቷን በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መሪ ቫዮሊን ተጫዋቹ በቀስቱ ምት እንዲሰጥ አዘዙት።

መለከት ትራምፔቱን አንሥቶ አመነታ። «በሙሉ አቅም?» አለ።

«እንደ ተጻፈው» አሉ ጋሼ። «አትጦረኝ።»

መለከት ወደ ሚስቱ አየ። እሷ ወደ ደረጃው ፈቀቅ ብላ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ሸፍናለች። ራሷን ነቀነቀችለት። ከበሮው ተነሣ፤ ሦስቱ ትራምፔቶች ተነሡ። ጋሼ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ድንጋይ ነው። ድምፁ እየጨመረ ሄደ። አንደኛው የዓይናቸው ሽፋሽፍት መርገብገብ ጀመረ። ሲምባሉ ሲመታ ትከሻቸው ዘለለ። ግንቡ ሊፈርስ ሲል ቀኝ እጃቸው ሳያዙት ተነሣና ወደ ጆሯቸው አመራ፤ መንገድ ላይ አስቁመው ከረባታቸውን አስተካከሉበት። ግንቡ ፈረሰ። ጸጥ አለ።

«እንቀጥል ጋሼ?» አለ መሪ ቫዮሊኑ።

«ምን?»

«እንቀጥል ወይ?»

«ምን አልክ?»

የሳቀ የለም። ጋሼ ተነሡ፤ ክላርኔቱን በጥንቃቄ ወንበሩ ላይ አኖሩት፤ በደረጃው ሲወጡ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ ሄዱ። ልምምዱ ይቁም አይቁም የነገረ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ ተበተነ። «በቃ፣ ነገ ስሜ ከመዝገብ ነው የሚሰረዘው» አለች ሸምበቆ መንገድ ላይ። መለከት፣ «የእኔም» አላት። ከጠቡ ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ቀድመዋቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ፤ ከቴያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጋር ይከራከራሉ። ሥራ አስኪያጁ መድረኩ አይነካም ይላል፤ ጭፈራው በዚያ ልክ ተሠርቷል። ጋሼ፣ «እንግዲያው ግንቡ አይፈርስም! ከተማዋ እንደተከበበች ትኑር!» ይላሉ። ብዙ ተጯጯሁ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ወደ ላይ ጠቆመ። ከመድረኩ ግራ በኩል አሮጌ የመብራት ዕቃ የሚከማችበት የጎን ሰገነት አለ። ትራምፔቶቹና ከበሮዎቹ ወደዚያ ይውጡ፤ ድምፃቸው ከሰው ራስ በላይ ይለፍ። ጋሼ በዚህ ተስማሙ። ግንቡም ከዚያ ወዲህ በልምምድ ላይ በሙሉ ኃይል የሚፈርሰው አንዴ ብቻ ሆነ፤ ሌላው በለሆሳስ። ሸምበቆን ይቅርታ አላሏትም። ጋሼ የማያውቁት ኖታ ቢኖር እሱ ነው።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሰገነቱ ሩቅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ላይ የጋሼ ዘንግ በመብራቱ ነጸብራቅ በደንብ አይታይም። በመጨረሻው ልምምድ ትራምፔቶቹ ዘግይተው ገቡ፤ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ጥሩንባው ተሰማ፤ ተዋናዮቹ ሞተው ካበቁ በኋላ ጦሩ መጣ። ጋሼ ኖታቸውን ወረወሩት። «ነገ ሰዓታችሁን ካልጠበቃችሁ ከነገ ወዲያ ሁላችሁም ጉድጓድ ትመለሳላችሁ! ጆሮም ይሁን ዓይን!»

ያን ቀን ወጥተው ሲሄዱ መለከት ድንገት ቆመ። «ከላይ ሆኜ እሳቸውን አላይም» አላት። «አንቺን ግን ከራስ እስከ እግርሽ አይሻለሁ።»

«እና?»

«ትንፋሽ ስትወስጂ ትከሻሽ ይነሣል። ድሮም ከኋላሽ ሆኜ እሱን ነው የማየው። ከመግባቴ በፊት አንቺ በማትነፊበት ቦታም ቢሆን ትንፋሽ ውሰጂልኝ። አንድ ምት ቀደም ብለሽ።»

«ትከሻዬን አይተህ ነው የምትነፋው?»

«ከዘንጉ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።»

የመክፈቻው ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሸምበቆ መድፈኛዎቿን ፀጉሯን ወደ ኋላ አሲዛ በግልጽ ለበሰቻቸው። በጆሮዋ የሚሰማት የገዛ ትንፋሿና የልቧ ምት ነው። ከኋላዋ ያለው ባዶ ቦታ ቀዘቀዛት። የግንቡ ትዕይንት ሲቃረብ ጋሼ ወደ ሰገነቱ ቀና አሉ፤ ላባቸው በጆሯቸው ግንድ ይወርዳል። ሸምበቆ የጋሼን ዘንግ እያየች፣ ምቱ ሊደርስ ሲል፣ የምትነፋው ነገር ሳይኖራት ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ አነሣች። አንድ አፍታ ምንም የለም። ያ አፍታ ረዘመባት። ከዚያ ከላይ፣ ከመብራቶቹ መሐል፣ ሦስቱ ትራምፔቶች ልክ በምቱ ላይ ወረዱ። አዳራሹ ተናወጠ፤ ከፊት ወንበር አንድ ሰው «ኡ!» አለ።

ግንቡ ሲፈርስ የሚቀረው ክላርኔቱ ብቻ ነው። ከፍርስራሹ መሐል ልጇን የምትፈልግ እናት አለች፤ የእሷ ዜማ ነው። መለከት የመጨረሻዋን ድምፅ እያሳነሰ ይዟት ቆየ፤ ሸምበቆ ከዚያች ድምፅ መነሣት አለባት። ያች ድምፅ ለሁለት ተሰንጥቃ መጣች። ግራ ጆሮዋ ከፍ በይ አላት። አልሰማችውም። ቀኙን ተከትላ፣ ከንፈሯንና ጣቶቿን አምና ገባች። ትክክል መሆኗን ያወቀችው በጆሮዋ አይደለም፤ ጋሼ ዘንጋቸውን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አይታ ነው።

ትራምፔቶቹ ሰገነቱ ላይ ቀሩ።

የግራ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። የሞተው ሞቷል። በዕረፍትና በጥንቃቄ ከወራት በኋላ የተሰነጠቀው ድምፅ ቀስ እያለ ተገጠመላት፤ ደወሉ ግን አብሯት ይኖራል፤ ዝም ያለ ክፍል ውስጥ ስለሚብስባት ማራገቢያ ከፍታ ነው የምትተኛው። መለከት ብዙ ካንገራገረ በኋላ ያቺ የስፖንጅ ክፍል ገባ። ሲወጣ ውጤቱን አልነግርም አለ። ኋላ ግን ማዕድ ላይ ወንበሩን ወደ እናቱ ግራ አዛውሮ ተቀመጠ፤ ሰው ሳይጠይቀው፣ «በዚህ በኩል ይሻለኛል» አለ። እናቱ እንጀራውን ቆርሰው ሰጡት።

ከኦርኬስትራው ግማሹ የጆሮ መድፈኛ አሠራ። ባስ ተጫዋቹ፣ «እንግዲህ ውታፍ ነቃይ ብለው ሲሰድቡን እሺ ማለት ነው» እያለ የራሱን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ሦስተኛው ትራምፔት ነፊ እስከ ዛሬ እምቢ ብሏል፤ የሕፃን ጡጦ ይመስለኛል ይላል። ጋሼ መድፈኛ ማድረጋቸውን የሚያረጋግጥ ሰው የለም፤ ጸጉራቸውን ግን ከዚያ ወዲህ በጆሯቸው ላይ አስረዝመዋል።

አንድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ከገበያ ሲመለሱ የመንገድ ሠራተኞች አስፋልቱን በመሰርሰሪያ ሊያፈርሱት ሲሉ ደረሱ። መሣሪያው ሲጮህ መለከት የያዘውን ዘንቢል ጥሎ በሁለት መዳፉ የሚስቱን ጆሮዎች ያዘ።

«የራስህንስ?» አለችው ጮኻ።

«ያለኝ እጅ ሁለት ነው!»

እሷም የያዘችውን መሬት አስቀመጠችና በእጆቿ የእሱን ጆሮዎች ሸፈነች። ቲማቲሙ እየተንከባለለ ነው። ሠራተኛው መሰርሰሪያውን አጥፍቶ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ደህና ናችሁ?» አላቸው። ማን ይስማው።